ከመቶ ጣሳ ምስር ስንት ሰው ይስተናገዳል

ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በከተማችን ገበያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሻጮች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱ ምስር ይሸጡ ነበር። መስፈሪያቸው ጣሳ ነው። ጣሳውን በዓመት ሁለት ጊዜ እኔ እመረምራለሁ፤ ደህናው ላይ ማኅተም እመታለሁ፣ የተጨረማመተውን እወስዳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ የገበያ መስፈሪያ ተቆጣጣሪ ተብዬ ተጽፌአለሁ፤ ሰዉ ጋሽ ንጋቱ ይለኛል።

በእኛ ገበያ ምስር የሚገዛ ሰው፣ ጣሳው ሞልቶ አፉ በእንጨት ከተጠረገና ከረጢቱ ውስጥ ከተገለበጠለት በኋላ ከረጢቱን አይዘጋም። እንደከፈተ ይዞት ይቆምና "መርቂልኝ እንጂ" ይላል። ሻጯም "ትናንት የመረቅሁህን ጨረስከው?" ወይም ይህን የመሰለ ነገር ትልና አንድ ጭብጥ ትጨምርለታለች። ይህች ጭብጥ ምራቂ ትባላለች። የማትመርቅ ሻጭ አልነበረችም፤ ሳይመረቅለት የሚሄድ ገዢም አልነበረም። ልማዱን ማን እንደጀመረው ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

መጠኑን ግን አውቀዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሃያ ሦስቱንም ምስር ሻጮች ጭብጥ እያንዳንዳቸውን ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ለክቻለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከትልቁም ከትንሹም ጭብጥ መካከል ላይ የምትገኘው የእትዬ ትርንጎ ጭብጥ ነበረች፤ የእሷ አሥራ ሁለት ጭብጥ አንድ ጣሳ ይሞላል፤ አይጎድልም፣ አይፈስም። ስለዚህ እትዬ ትርንጎ መቶ ጣሳ ምስር ይዛ ስትወጣ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጣሳ ቢገዛ፣ ዘጠና ሁለት ሰው ታስተናግዳለች፤ የጣሳ ሲሶም ይተርፋታል። ሲሶውን ለቤቷ ትወስደዋለች።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ ከበላይ ቤት ደብዳቤ መጣ። አገሪቱ ድሃ የሆነችው ልጆቿ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ስላልተማሩ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል ይላል። ጥናቱ አብሮ አልተያያዘም። ከደብዳቤው ጋር ለሠላሳ ስምንት ተማሪዎች አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ መጣ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የገበያ ሥዕል አለ፤ ሻጮቹ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ገዢዎቹም ባርኔጣ አድርገዋል፣ የሁሉም አፍ ዝግ ነው። ትምህርቱን እንዲያስተምር የተመረጠው መምህር ድንበሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስተምረው የእጅ ጽሕፈት ነበር፤ ጽሕፈቱ የሚነበብ በመሆኑ አዲሱን ትምህርት ይችለዋል ተባለ።

የትምህርቱ ደንብ አጭር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና አለ። ቁጠባ የትምህርቱ ዋና ክፍል ስለሆነ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ያለፈ ወንዝ ማዶ ወዳለው የመምህራን ቤት ሄዶ መምህር ይሆናል። የወደቀ በዓመቱ እንደገና ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ግን አራተኛ አይፈተንም።

ከሠላሳ ስምንቱ ተማሪዎች አንዷ የእትዬ ትርንጎ ልጅ ስንዱ ነበረች። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ከእናቷ ጋር ምስር ትለቅማለች። የእነሱን ምስር ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ በአንድ ጣሳ ውስጥ ቢበዛ አንድ ጠጠር ይገኝ ነበር። የሌሎቹ እስከ ሰባት ይደርሳል። ልጅቷ መምህር መሆን ትፈልግ ነበር፤ ያውም የዚህኑ ትምህርት መምህር። እናቷ ይህን ስትሰማ ለልብሷ የሚሆን የጽድ ሳጥን በአናጺ አሠርታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችላት። ሳጥኑ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው።

መምህር ድንበሩ እንደነገረኝ፣ በክፍሉ ውስጥ ከስንዱ በቀር የሚጠይቅ አልነበረም።

"መምህር፣ እዚህ መጽሐፍ ላይ ያሉት ሻጮች ደንበኛ የላቸውም እንዴ?" አለችው አንድ ቀን።

"ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ነን እኮ ስንዱ፤ ትንሽ ታገሺ" አላት።

በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ጠየቀችው።

"አሁን ደግሞ መጽሐፉ አልቋል" አላት።

የመጀመሪያው ዓመት ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንዲት ሻጭ መቶ ጣሳ ምስር ይዛ ገበያ ወጣች። እያንዳንዱ ገዢ አንድ ጣሳ ይገዛል። ስንት ገዢ ታስተናግዳለች?

ልጆቹ ጥያቄውን ሲያዩ ደስ አላቸው። ከረጢት ይዘው ገበያ ሲላኩ ነው ያደጉት። ሠላሳ ሰባቱ ከዘጠና እስከ ዘጠና ሦስት ያሉትን ቁጥሮች ጻፉ። ስንዱ "ዘጠና ሁለት፤ የጣሳ ሲሶ ይተርፋል" ብላ ጻፈች። አንድ ልጅ ብቻ መቶ ብሎ ጻፈ። እሱም የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ልዑልሰገድ ነው፤ ቤታቸው ሠራተኛ ስላለ ገበያ ተልኮ አያውቅም። ልዑልሰገድ አለፈ። ሠላሳ ሰባቱ ወደቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመልስ ሹሙ ተመልሶ መጣ። የመልስ ሹም ማለት የፈተናውን መልስ በታሸገ ሣጥን ከበላይ ቤት ይዞ የሚመጣ ሹም ነው። በተማሪዎቹ ፊት እስኪከፈት ድረስ መልሱን እሱም ማወቅ የለበትም፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መጠራጠር የለበትም። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ጃንጥላ ይዟል።

"ሠላሳ ሰባት ልጅ በአንድ ዓይነት ስህተት አይወድቅም። ተኮራርጀዋል" አለ።

"አልተኮራረጁም ጌታዬ። ገበያ ስለሚላኩ ነው" አለው መምህር ድንበሩ።

"ማን ነው የሚልካቸው?"

"እናቶቻቸው።"

ሹሙ ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈና ገበያውን አሳዩኝ አለ። እኔ ተጠርቼ አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ ትርንጎ መደብ ፊት ቆሞ ሲያይ አረፈደ። ዘጠነኛው ገዢ ከረጢቱን ከፍቶ መርቂልኝ ሲል፣ ሹሙ በጃንጥላው ጫፍ ወደ እጇ አመለከተ።

"ይህ የሚጨምሩት ምንድን ነው?"

"ምራቂ ነዋ ጌታዬ።"

"ዋጋው ስንት ነው?"

"ዋጋ ካለውማ ምኑን ተመረቀ!"

በዙሪያው ያሉት ሻጮች ሳቁ። ሹሙ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

"ታዲያ ለምን ይሰጣሉ?"

"እሱስ ለምን ይጠይቀኛል?" አለች ገዢውን በአገጯ እያሳየች። "ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያፍር ይጠይቀኛል። እኔ ምን ላድርግ? ይልቅ ለእርስዎም ልመርቅልዎት?"

"እኔ አልገዛሁም።"

"እሱንማ አይቻለሁ። ዓይንዎን ብቻ ይዘው ነው የመጡት።"

ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ ይህን ነገር ለክቶ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። የአሥራ አንድ ዓመቱን ልኬት በአንድ ገጽ አጠቃልዬ ጽፌ ሰጠሁት፤ በመጨረሻው መስመር ላይ "ከመቶ ጣሳ ዘጠና ሁለት ሰው ይስተናገዳል፤ የጣሳ ሲሶ ይተርፋል" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ልኬቱ ትክክል ነው?"

"ትክክል ነው።"

"ልጆቹም የጻፉት ይህንኑ ነው።"

"ይህንኑ ነው።"

"እንግዲያው የተሳሳተው ገበያው ነው" አለ፤ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው።

ወረቀቴን መልስልኝ ስለው እንደማይቻል ነገረኝ። የተጻፈ ነገር መላክ አለበት፤ በመቀበያ ቤት፣ በማጣሪያ ቤትና በማጽደቂያ ቤት ያልፋል። ከእነዚያ ቤቶች ወጥቶ የሚመጣ ነገር ብዙም ስለማላውቅ ረሳሁት።

ምራቂ በአዋጅ ተከለከለ። የአዋጁ ምክንያት የልጆቹ ጥቅም ነው፦ በገበያው ውስጥ የሚያዩት ነገር ከሚማሩት ጋር እስካልተስማማ ድረስ ማለፍ አይችሉም። ይህን ማንም መቃወም አልቻለም። እትዬ ትርንጎ ራሷ "የልጄ ነገር ከሆነ እሺ" አለች። መከልከሉን የምቆጣጠር እኔ ሆንኩ፤ በየመደቡ መካከል እየተዘዋወርኩ ሲሰፍሩ አያለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ገዢዎቹ ምስራቸው ከተገለበጠ በኋላ ከረጢታቸውን እንደከፈቱ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መከልከሉን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በሰዓቴ ለካሁት፤ አንድ ሰው በአማካይ ዘጠኝ ሰከንድ ይጠብቃል። በሁለተኛው ወር አራት ሰከንድ ሆነ። በአምስተኛው ወር ማንም አይጠብቅም ነበር።

ስንዱ ዓመቱን ሙሉ መጽሐፉን አጠናች። ለሁለተኛው ፈተና ስትቀመጥ ከመቶ ጣሳ መቶ ሰው እንደሚስተናገድ በቃሏ ታውቅ ነበር። ጥያቄው ግን ሌላ መጣ፦ ገዢ ከብዙ ሻጮች መካከል አንዷን የሚመርጠው ለምንድን ነው?

መልሶቹን መምህር ድንበሩ አሳይቶኛል። "እናቴ ስለምታውቃት" ይላል አንዱ። "አባቴ የሞተ ጊዜ መጥታ ስለተቀመጠች" ይላል አንዱ። "አፏ ክፉ ቢሆንም ሆዷ ንጹሕ ስለሆነ።" "ሌላዋ ጋ ስሄድ ስለምታኮርፍ።" ስንዱ "ምስሯን ስለምትለቅም" ብላ ጽፋለች። ሣጥኑ ሲከፈት መልሱ እንዲህ የሚል ሆነ፦ አይመርጥም፤ ሻጮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ምስርም ሁሉ አንድ ነው።

ሠላሳ ሰባቱም ወደቁ።

እትዬ ትርንጎ በዚያ ሳምንት የስንዱን የጽድ ሳጥን ከፍታ ልብሶቹን ለፀሐይ አሰጣቻቸው፤ ብል እንዳይገባባቸው። ከዚያ አጣጥፋ መለሰቻቸው።

"ሦስተኛዋ አለች አይደል?" አለችኝ በዚያ ሳልፍ አይታ።

"አለች" አልኳት።

"እንግዲህ ያችን ነው የምንይዘው።"

የመልስ ሹሙ ሁለተኛውን አዋጅ ይዞ መጣ። ምስር ሁሉ አንድ እንዲሆን፣ የሃያ ሦስቱም ሻጮች ምስር በየገበያው ዋዜማ በትልቅ ሸራ ላይ ተደፍቶ አራት ሰዎች በአካፋ እያገላበጡ እንዲያደባልቁት ታዘዘ። ከዚያ በእኩል ይከፋፈላል። ገዢና ሻጭ እንዳይተዋወቁ ደግሞ በመካከላቸው መጋረጃ ተዘረጋ። መጋረጃው በየመደቡ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ከረጢቱ የሚገባው በዚያ ነው።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሁሉም በድምፅ ተዋወቁ።

"ማን ናት? የሺመቤት ነሽ እንዴ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ?" ትላለች እትዬ ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ።

"ተይኝ እቴ፣ ያው ነው። አንቺስ ደህና ከርመሻል?"

ሹሙ ይህን ሲሰማ መጽሐፉን አውጥቶ ሽፋኑን አሳየኝ። "ይመልከቱ። የማንም አፍ አልተከፈተም" አለኝ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን መነጋገር ቀረ። ሰላምታ የግድ ካስፈለገ ከገበያው በር ውጭ እንዲሆን ተፈቀደ፤ በሩ ላይ ሰልፍ ስለተፈጠረ ግን ይህም ቀረ። እትዬ ትርንጎ ደንበኞቿን በእጃቸው መለየት ጀመረች። ቀለበት ያለውን፣ የተቃጠለውን፣ ጥፍሩ የጠቆረውን ታውቀዋለች። በዚያ ወር አንድ ባል ከሚስቱ መደብ ሦስት ጣሳ ምስር ገዝቶ ቤቱ ገባ፤ ማታ ተጣሉ፤ ሽማግሌ ገባበት። ሽማግሌዎቹ ማን እንዳጠፋ ሊለዩ አልቻሉም።

ጠጠሩን በየሳምንቱ እቆጥር ነበር። ምስሩ በተደባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት በሁሉም ሻጮች ዘንድ በአንድ ጣሳ አራት ጠጠር ተገኘ። እኩልነቱ የሚያስደንቅ ነበር። ነገር ግን የለቀመውም ያልለቀመውም የሚደርሰው አንድ ስለሆነ የሚለቅም እየጠፋ ሄደ። በሦስተኛው ወር ዘጠኝ ሆነ። በስድስተኛው ወር አሥራ አራት። ለሹሙ አመለከትኩ።

"በመጽሐፉ ውስጥ ጠጠር የለም" አለኝ።

"በጣሳው ውስጥ ግን አሥራ አራት አለ።"

"በፈተና ላይ አልመጣም፤ ሲመጣ እናየዋለን።"

እትዬ ትርንጎና ስንዱ መልቀማቸውን አልተዉም። የሚለቅሙት ምስር ሸራው ላይ ተደፍቶ ለሌላ ሰው እንደሚደርስ ያውቃሉ። ለምን አትተዉትም ብዬ ስጠይቃት እትዬ ትርንጎ፣ "እጄ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ያመኛል ጋሼ" አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችም፤ እኔም ሌላ አልመዘገብኩም።

ሦስተኛው ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ጣሳ እየመረመርኩ ሳለሁ ስንዱ ወደ ቢሮዬ መጣች። አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አልቀመጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ መምህር ዘንድሮ የመጀመሪያው ዓመት ጥያቄ ይመለሳል ብለውናል። ጥያቄ ለመቆጠብ ሲባል ይደገማል አሉ።"

"ይሆናል።"

"አሁን ስንት ነው?"

"መቶ" አልኳት።

"ለክተዋል?"

"ማክሰኞ ለክቻለሁ። ቅዳሜም ለክቻለሁ። መቶ ጣሳ ወጣ፣ መቶ ሰው ገዛ፣ የተረፈ የለም።"

ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጣሳ አንስታ ውስጡን አየችና መለሰችው።

"እናቴ እኮ አሁንም ጣሳውን ከገለበጠች በኋላ እጇን ወደ ጆንያው ትሰዳለች። ከዚያ ባዶዋን ትመልሳታለች።"

"አይቻለሁ።"

"እሱ አይቆጠርም?"

"ባዶ እጅ አይቆጠርም" አልኳት።

"እንግዲያው መጽሐፉም መቶ፣ ገበያውም መቶ" አለች። "በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተስማሙልኝ።" ሳቀች። ከዚያ በፊት ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ልዩነቱን ልናገር አልችልም።

ጥያቄው እንደተባለው ያው የመጀመሪያው ሆነ። ሠላሳ ሰባቱም ወዲያው ጽፈው ወጡ። መልሱ የሚከፈተው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ወላጆች ባሉበት ነው። እትዬ ትርንጎ በዚያ ቀን ሳጥኑን በሸክም አስመጥታ አጥሩ ሥር አስቀምጣዋለች፤ የወንዝ ማዶው ጀልባ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ወደ ቤት መመላለስ እንዳይኖር ነው። ጎረቤቶቿ ይቀልዱባት ነበር።

"ሳጥኑ ነው እንዴ የሚፈተነው?"

"እሱማ አልፏል" አለች እትዬ ትርንጎ። "ሦስት ዓመት ሙሉ በር ጠብቆ አንድም ቀን አልተሳሳተም።"

ሹሙ ማኅተሙን ለሁሉም አሳይቶ ቆረጠው። ወረቀቱን ዘረጋና በዚያው ከፍ በማይል ድምፁ አነበበ፦

"ዘጠና ሁለት። የጣሳ ሲሶ ይተርፋል።"

ቃሉ የእኔ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ልኬት መጨረሻ ላይ የጻፍኩት መስመር ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። በመቀበያ ቤት አንድ ዓመት፣ በማጣሪያ ቤት ግማሽ ዓመት፣ በማጽደቂያ ቤት ደግሞ የቀረውን ጊዜ ቆይቶ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ትክክል መሆኑን አምነውበት፣ የድሮውን መልስ ሰርዘው ጸድቆ መጥቷል። የሠሩት ሥራ ላይ እንከን ላገኝበት አልቻልኩም።

ሠላሳ ሰባቱም ተማሪዎች መቶ ብለው ነበር የጻፉት።

ከዚያ መምህር ድንበሩ ወደ ሹሙ ቀረበ።

"ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ዓመት ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። ይቺ ልጅ ያኔ ይህንኑ ነው የጻፈችው። ቃል በቃል! ሲሶው እንኳ አለበት።"

"የዚያ ዓመት ወረቀት በዚያ ዓመት መልስ ነው የሚታረመው" አለ ሹሙ።

"ያ መልስ ተሳስቶ ነበር እኮ፤ እናንተው አይደላችሁ የሰረዛችሁት?"

"የተሰረዘው ዘንድሮ ነው። ያኔ አልተሰረዘም ነበር።"

ስንዱ ከተማሪዎቹ መካከል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም። በልኬት ላይ የተሳሳተ ሰው እንደሚጠየቅ ዓይነት ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያ ብዬ አልነበረም?"

"ብለሽ ነበር።"

"እርስዎ ደግሞ መቶ አሉኝ።"

"መቶ ነው። ለክቼዋለሁ።"

"አሁንም መቶ ነው?"

"እስከ ቅዳሜ ድረስ መቶ ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ሄዳ ሳጥኑን በአንድ ጎን ያዘች፤ እናቷ በሌላው ጎን ያዘች። ተሸካሚ አልጠሩም።

የመልስ ሹሙ በዚያው ሳምንት ሦስተኛውን አዋጅ አወጀ። ገበያው እንደገና ተሳስቷል ተባለ። ከእንግዲህ ምራቂ ግዴታ ነው። መጠኑም በእኔ ልኬት መሠረት የጣሳ አንድ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ምስር ሻጭ በልኩ የተፈለፈለ የእንጨት ጭልፋ ታደለ። ገዢ መርቂልኝ ማለት አያስፈልገውም፤ ሻጭ ከጭልፋው ማጉደልም መጨመርም አይፈቀድላትም። ጭልፋ የማትጠቀም ሻጭ ጣሳዋ ይወሰዳል። የሚወስደው እኔ ነኝ። ገዢዎቹ ጭልፋው ሲገለበጥላቸው ከረጢታቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። በሰዓት የሚለካ ነገር አላገኘሁም።

በአራተኛው ዓመት ሠላሳ አንድ አዲስ ተማሪዎች ተፈተኑ። ጥያቄው ያው ነበር፤ ሠላሳ አንዱም ዘጠና ሁለት ብለው ጽፈው አለፉ። ሹሙ ትምህርቱ በከተማችን ሥር መስደዱን ለበላይ ቤት ጻፈ። ከሚያስተምሯቸው አንዱ በዚያው ዓመት ከወንዝ ማዶ የተመለሰው መምህር ልዑልሰገድ ነበር። ጥሩ መምህር ነው ይሉታል። አሁንም ገበያ አይሄድም።

መጋረጃው በክረምቱ ዝናብ በስብሶ ወደቀ፤ ይታደስ የሚል ደብዳቤ አልመጣም። በአካፋ ያደባልቁ የነበሩት አራት ሰዎች ሥራውን ስለለመዱት ምስር ሻጮች ሆኑ፤ የሚያደባልቅ ጠፋ። እትዬ ትርንጎ ጉልበቷን ስለታመመች መደቡን ለስንዱ ለቀቀችላት።

ባለፈው ኅዳር ጭልፋ ለመቆጣጠር ስዞር ወደ እሷ መደብ ደረስኩ። ስንዱ የጽድ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ልብሱ ከውስጡ ወጥቶ የተለቀመው ምስር ገብቶበታል። ጭልፋው ከመደቡ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል፤ አቧራ ይዞታል።

"ጭልፋው?" አልኳት።

"ይኸው ተሰቅሎ ጋሼ። መስቀል የሚከለክል አዋጅ የለም አይደል?"

እንደሌለ ነገርኳት። ወዲያው አንድ ሸማኔ መጥቶ አንድ ጣሳ ገዛ። ጣሳው ተጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ ተገለበጠ። ሸማኔው ከረጢቱን አልዘጋም። እኔን አየ፣ ስንዱን አየ፤ ዝም ብሎ ቆመ። ሰዓቴን አወጣሁ።

በሰባተኛው ሰከንድ "መርቂልኝ እንጂ" አለ።

"ምነው ባልሰማህ!" አለች ስንዱ። "ትናንት የመረቅሁህን የት አደረስከው? ጋሼ ፊት ደግሞ፤ ዓይንህ አያፍርም?"

እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። አንድ ጭብጥ አወጣችና ከረጢቱ ውስጥ ጨመረችለት። ከዚያ እኔን እያየች ጣሳዋን አፉን አዙራ መደቡ ላይ ወደ እኔ ገፋችው፤ ልወስደው ከሆነ እንድወስደው።

ጣሳውን አነሳሁ። መረመርኩት። አልተጨረማመተም፤ ማኅተሙም አለ። መልሼ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየገበያው ቀን እየሄድኩ ጭብጧን ለክቻለሁ፤ ሠላሳ ጊዜ። ልኬቱን የጻፍኩት በራሴ ደብተር ላይ ነው፤ ወደ የትኛውም ቤት አልላክሁትም። የስንዱ እጅ ከእናቷ እጅ ይሰፋል፤ የእሷ አሥር ጭብጥ አንድ ጣሳ ይሞላል። ስለዚህ ከመቶ ጣሳ ዘጠና ሰው ይስተናገዳል፤ አንድ ሙሉ ጣሳ ይተርፋል።